የእሜቴ ኩሬ መዘውር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «እሜቴ ኩሬ» የሚለውን ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጣው ጸጉር አስተካካዩ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ በሱቁ በር ስታልፍ ፎጣውን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ፣ እሜቴ ኩሬ መጡ፣ ተነሱላቸው እንጂ አለ። ወረፋ የሚጠብቁት በሳቅ ፈረሱ። ስሙም በቀልድ ተጀምሮ የምር ሆኖ ቀረ። እሷ አልተቀየመችም፤ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። የሚያንገበግብ ስም የወጣለት ሌላ ሰው ነው። እሱ ጋ እንደርሳለን፤ አትቸኩሉ።

ሥራዋ የመንደሩን ፍሳሽ ማጣራት ነው። መንደሩ አራት መቶ ቤት ቢሆን ነው። አራት መቶ ቤት ያጠበው፣ ያለቀለቀውና የተጸዳዳው ሁሉ በአንድ ወፍራም ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ እሷ እጅ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ የብረት ፍርግርግ ያገኘዋል። ጨርቁን፣ ላስቲኩን፣ የጸጉሩን ድብልቅልቅ ፍርግርጉ ይይዝላታል፤ እሷ በረጅም መንጠቆ እየጎተተች ታወጣዋለች። አንዴማ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጣች። የጡረተኛው መምህር ነበር። አጥባ፣ ቀቅላ፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ በራቸው ድረስ ወሰደችላቸው። አመስግነው ተቀበሏት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ባለችበት ጥርሳቸውን አሳይተው ስቀው አያውቁም።

ከፍርግርጉ ያለፈው ሦስት ኩሬዎችን በተራ ይዞራል። አንደኛው ጥቁር ነው፤ ዝቃጩ እዚያ ይቀመጣል። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይና አልጌ የቀረውን ይበሉታል። ሦስተኛው ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ፤ ከዚያ ያለፈው ወንዝ ይገባል። አረንጓዴው ኩሬ ሲታመም ቀለሙ ይከዳዋል፣ ግራጫ ይሆናል። እሷ ግን ቀለሙን አትጠብቅም። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ አንዴ በአፍንጫዋ ትስብና «ዛሬ አኩርፏል» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

ይህ ማጣሪያ ታዲያ ሰው አይለቅም። አንድ ቀን ሙሉ ሰው ካጣ ፍርግርጉ ይደፈናል። በሁለተኛው ቀን ፍሳሹ መሄጃ ሲያጣ በመጣበት ቧንቧ ተመልሶ በየሰዉ መጸዳጃ ቤት ብቅ ይላል። ስለዚህ ውሏ ላይ «ተተኪ ሳይገኝ ከመንደሩ መውጣት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ካለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የቡትስ ጫማዋና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቢጫ ቀሚስ አለ። መጀመሪያ የገባች ቀን፣ የራሴ ጣሪያ ብላ ያለቀሰችበት ቤት ነው። አሁን አሁን ግን የአጥሩን በር ስትቆልፍ ማንን ከማን እንደምትቆልፍ ግራ ይገባታል። አንዳንድ ቀን ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ አውራ ጎዳናው ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ እስኪሰወር ታየዋለች።

ቢጫውን ቀሚስ የሰፋችላት ታላቅ እህቷ ናት። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱ፣ ታላቅየዋ ልብስ እየሰፋች ነው ታናሽየዋን ያሳደገቻት። የምትኖረው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ወደብ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልኳን መርፌ ላይ ያፈጠጠችበት ዓይኗ አሁን እየከዳት ነው። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነላትም፤ የሚሄደው መሃሉ ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀርልሻል፣ የሚመልሰው መድኃኒት ግን የለም አላት። ሁለቱ እህትማማቾች በየእሑዱ በስልክ ያወራሉ፤ የወሬያቸው መጨረሻም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች ታላቅየዋ።

«ሰው ጠፍቶ ነው እኮ እታለም። ሰው ሲገኝ እመጣለሁ።»

አንድ እሑድ ታላቅየዋ እየሳቀች፣ ጎረቤቴ መጥታ ነበር፣ ጉንጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንኳ አይቻታለሁ፣ ገና አልሞትኩም አለቻት። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ከመጨለሙ በፊት ፊትሽን ልየው አለች። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ፣ ይህም ቢቀር አንድ ቀን ፊትሽን ልየው። ያን ቢጫ ቀሚስም ለብሰሽ ነይ፣ ቢጫ እስካሁን አልከዳኝም።

በማግስቱ ታናሽየዋ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትፈልግ ለሊቀመንበሩ ነገረችው። እሱም ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሰው ለወሬ ሲሆን መች ይጠፋል። የኩሬውን ሥራ የሚፈልግ እጁን ያውጣ ሲባል ግን ሁሉም የጫማውን ክር አየ። ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ። ግንበኛው ነው። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ከፍታ ላይ መሥራት አልቻለም፤ መሬት ላይ የሚሠራ ቋሚ ሥራ ይፈልጋል። እጁን ከማውጣቱ አንዱ «ጎርፉ! ዋና መማር ሊኖርብን ነው ማለት ነዋ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግንበኛው እጁን አላወረደም። ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞሮ ምን ትያለሽ አላት።

«እሱ አይሆንም» አለች።

ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ምክንያቱን ሁሉም የሚያውቅ መስሎታል። የሚያውቁት ግን ግማሹን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍርግርጉ አጠገብ የአውቶቡስ መሪ የሚያህል የብረት መዘውር አለ። በየሐሙሱ ፍርግርጉ ሲታጠብ መዘውሩ ይከፈትና ፍሳሹ ለግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ባዶ ጉድጓድ ይዞራል፤ እጥበቱ ሲያልቅ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቆየ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ታች፣ ወደ አትክልት ማሳዎቹ ይወርዳል። እናንተ የምታውቁት መዘውር ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይዘጋል። ይህን ግን ማጣሪያውን የሠሩት ሰዎች ገልብጠው ገጥመውታል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይከፈታል፣ የሚዘጋው ወደ ግራ ነው። እሷ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ደረሰችበት። ላሳውቅ እያለች ሳለ፣ የያኔው ሊቀመንበር ቦታዋን ለእህቱ ልጅ ሊሰጥ መሆኑን ሰማች። ወንድ እያለ ሴት ፍሳሽ ውስጥ ምን ትሠራለች ተባለ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ስድስት ወሩ ነው፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ የላትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ አፏን ዘጋች።

የእህቱ ልጅ መጣ። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ጨዋ፣ ሥራ የማይጠላ። ሁለት ሳምንት ስታሠለጥነው መዘውሩን ራሷ ነበር የምትይዘው፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ፍርግርጉን ያጥብ ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ መዘውሩን በከፊል ከፈተችለትና፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ዝጋው ብላው ቤቷ ገባች። መዘውር እንዴት ይዘጋል ብሎ ማን ይጠይቃል? ወደ ቀኝ አዞረው። ፍሳሹ ባሰበት። አጥብቆ አዞረው፣ ይበልጥ ባሰበት። ላብ አጥምቆት፣ ብረቱ አልሄድ እስኪል ወደ ቀኝ ጠመዘዘውና፣ ተሰበረ እያለ እየጮኸ ሰው ሊጠራ ሮጠ። እሷ በመስኮት ታየው ነበር። እዚህ ላይ ልሸፍንላት አልችልም፤ ታየው ነበር። ሰዉ ሁሉ ማሳውን ሊያድን ቁልቁል ሲሯሯጥ ብቻዋን ወጥታ ወደ ግራ አዞረችና ዘጋችው።

የአምስት ቤተሰብ አትክልት በአንድ ጠዋት ጠፋ። ወጣቱ ተባረረ፤ እሷ ወንድ ያቃተውን ቻለች ተብላ ቦታዋ ጸናላት። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎርፉ ሆነ። ሲያገባ ጎርፉ አገባ ተባለ። ሲወልድ ልጆቹ የጎርፉ ልጆች ሆኑ። ግንበኝነት ተምሮ ከመንደሩ አንደኛ ግንበኛ ሲወጣው እንኳ፣ ቤት የሚያሠራው ሁሉ «አደራ፣ ውኃ እንዳታስገባብን» ሳይለው አይሄድም። ጉድ አንድ ሰሞን ነው የሚለው ተረት ለዚህ መንደር አልሠራም። እሷም መንገድ ላይ ስታገኘው ዓይኗን ጫማዋ ላይ ትተክላለች።

አሁን ገባችሁ? ማንም ሌላ ሰው ቢመጣ መዘውሩን ዝም ብላ ታሳየዋለች፤ ወደ ግራ ነው ትለዋለች፣ ያበቃል። እሱ ግን መዘውሩን አንዴ እንደነካው ሁሉም ነገር ይገባዋል። ለዚህ ነው እሱ አይሆንም ያለችው። ያኔ ቤት ያስገኘላት ዝምታ አሁን በሩን ዘግቶባት ቁጭ አለ።

ሌላ ሰው ይገኛል ብላ ጠበቀች። በመጀመሪያው ወር ከጎረቤት መንደር አንድ ጎረምሳ መጣ። ስለ ደሞዙ በደንብ ጠየቀ፤ ፍርግርጉን ሲያይ ግን ስልክ ላናግር ብሎ ወጣ። ይኸው እስካሁን እያናገረ ነው። በሁለተኛው ወር አንዲት መበለት መጣች። ጠንካራ ሠራተኛ ነበረች፤ አራት ቀን ከሠራች በኋላ ልጆቼ እኔ ስገባ ከክፍሉ ይወጣሉ ብላ አልቅሳ ሄደች። በሦስተኛው ወር ማንም አልመጣም። ግንበኛው ሁለት ጊዜ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄዶ ሥራውን ጠየቀ። ሁለት ጊዜ እሷን ጠየቋት። ሁለት ጊዜ «አይሆንም» አለች። በየእሑዱ ደግሞ ለእህቷ «ሰው ጠፍቶ ነው እታለም» ትላለች። ይህን ስትል ምላሷ ይከብዳታል።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ፣ እሑድ፣ ታላቅየዋ እንደ ልማዷ እየቀለደች አወራቻት። ጎረቤቴን ያቺን ጥቁር ነጥብሽን አስነቀልሻት ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ኧረ እንዳለች ነች አለችኝ አለች። ይህን ተናግራ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ታናሽየዋ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፍርግርጉ ሲደፈን እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ማክሰኞ ከሰዓት ግንበኛው ዘንድ ሄደች። የትምህርት ቤቱን አጥር እየሠራ ነበር፣ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ወገቡን በመቀነት አስሮ። ሲያያት የግንበኛ ማንኪያውን አላስቀመጠም። እትዬ፣ በሰላም ነው አላት። እሷ ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስ ነገሩን ዘረገፈችው። መዘውሩ ተገልብጦ መገጠሙን፣ ወደ ግራ እንደሚዘጋ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማወቋን፣ በመስኮት ታየው እንደነበር። የእህቷን ዓይን ጭምር ነገረችው። እሱ አንድ ጡብ አስቀመጠ፣ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አደረገው፣ የተረፈውን ሲሚንቶ ጠረገ። ሌላ ጡብ አነሳና ሳያስቀምጠው ጉልበቱ ላይ ይዞት ቆየ።

«አባቴ የሞተ ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «የጎርፉ አባት ሞተ ነው የተባለው። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረበት የራሱ ስም ነበረው እኮ፣ እትዬ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ አነሰባት።

ግንበኛው ጡቡን መልሶ ክምሩ ላይ አኖረው። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፣ ግን ለብቻዬ እንድታሳዪኝ አልፈልግም፣ ሰዉ ሁሉ ባለበት አሳዪኝ አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሥራውን ግን አልቀጠለም። ከጀርባው ቆማ ስታየው ያ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ብቻ ታያት።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት አጥሩ ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አለ፣ ግንበኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፣ ጸጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፣ ጥርሰኛው መምህር በከዘራቸው ተደግፈዋል። ያን ጊዜ ማሳቸው የጠፋባቸው ሴትዮ አርጅተው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። እሜቴ ኩሬ መዘውሩ አጠገብ ቆመች። ብዙ አልተናገረችም። ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ፍሳሹ እያጓራ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ወደ ግራ አዞረችው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ አሥራ አራት ዙር። ፍሳሹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ቆመ።

«እሱ ልክ ነው ያደረገው» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ አውቅ ነበር።»

ጸጉር አስተካካዩ እንኳ የሚቀልደው አጣ። አሮጊቷ ሴትዮ ልጃቸውን፣ ምንድን ነው ያለችው፣ ድገምልኝ አሉት። ደገመላቸው። ግንበኛውን ትክ ብለው አዩት። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰላምታቸውን የነፈጉት ሰው ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ቱግ አለ። ይህ በሕግ ያስጠይቃል አለ። ባለሙያ ከከተማ መጥቶ መዘውሩን እስኪያይ፣ ቃልሽም ተጽፎ እስኪያልቅ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም አላት። ወር ይፍጅ ሁለት ወር፣ የአንቺ ጉዳይ ነው አለ። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ ይገባኛል አለች። እውነትም ይገባኛል ብላ ነው ያመነችው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው፤ ዝም ስትል ታሰረች፣ ስትናገርም ታሰረች። አሥራ አራት ዙር አዙራ እዚያው ቦታዋ ላይ ቆማ ቀረች።

ያኔ ግንበኛው ወገቡን ይዞ እያነከሰ አጥሩን አልፎ ገባ። ከእጇ የግቢውን ቁልፍ ወሰደ።

«ይቅር አላልኳትም» አለ ሊቀመንበሩን እያየ። «ወደፊትም እንጃ። ግን ፍሳሽ ይቅርታ እስኪባል አይጠብቅም፣ ዓይንም አይጠብቅም። ትሂድ። ቃሏን ጽፋ በፖስታ ትላክ፣ የትም አትጠፋም። ሥራውን ይዣለሁ።»

ሊቀመንበሩ ሰዉን አየና መንገድ ለቀቀላት። ሌላ ሥራውን የሚይዝ ሰው እንደሌለ ሦስት ወር ሙሉ ሲያስለጥፍ የኖረው ማስታወቂያ ይመሰክርበት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ቢጫውን ቀሚስ ለብሳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ግንበኛው ሊሸኛት አልወጣም። ፍርግርጉ ላይ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን ሲጎትት በመስኮቱ አየችው። ከአጥሩ ውጭ ያሉ ልጆች «ጎርፉ! ጎርፉ!» ይሉታል፤ አፍ የለመደውን በሁለት ቀን አይተውም። ቀና ብሎ አላያቸውም። አውቶቡሱ ሲነሳ ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር አልመጣላትም። ቀኑን ሙሉ እጆቿን ጭኗ መሃል አስገብታ ተቀመጠች። በየፌርማታው ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ፤ ሃያ ዓመት የገባ ሽታ በአንድ ሳሙና አይወጣም።

ሲመሽ ደረሰች። ታላቅ እህቷ መናኸሪያው በር ላይ ከጎረቤቷ ጋር ቆማ ነበር። ጎረቤትየዋ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፤ ታላቅየዋ ፊቷን ወደ አውቶቡሱ አዞረች። ታናሽየዋ ሮጣ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ታላቅየዋ ግን ቀጥ ብላ አላየቻትም። አንገቷን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ዘመም አድርጋ፣ በዓይኗ ዳር ትፈልጋት ጀመር፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ።

«ቢጫው ታየኝ» አለች እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ። «አቤት ሲያምርብሽ። ከላዩ ያለው ፊት ነው የጠፋኝ። ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ።» ፈለገች፣ ፈለገች፣ ተወችው። እጇን ዘርግታ ጉንጯን ያዘች፤ በአውራ ጣቷ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ የከንፈሯን ጫፍ ዳበሰች። ጨርቅ ስትመርጥ እንዲህ ነበር የምትዳብሰው። ከሦስት ወር በፊት በጎረቤቷ ጉንጭ ላይ ያለች ነጥብ ታያት ነበር።

«ምነው እንዲህ ቆየሽ፣ እህት ዓለም?» አለቻት። ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው አሳዝኗት ነው። መልሱንም ራሷ ልታቀብላት «ሰው ጠፍቶ ነው፣ አይደል?» አለች።

ታናሽየዋ ሃያ ዓመት የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ ቀርቦ ነበር። አዎ ብትል ማንም አያውቅባትም። የእህቷን እጅ ከጉንጯ ላይ ሳታነሳ ያዘችው።

«ሰውማ ነበረ» አለቻት።